ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት፦ ለስላሳ ጥምዝና ለስላሳ ገጽ በኮምፒውተር እንዴት ይነደፋል

ለስላሳ ጥምዝ ስብራት የሌለው መስመር ብቻ አይደለም። የመታጠፉ መጠንም ድንገት የማይለወጥ መስመር ነው። ሁለቱ በወረቀት ላይ ተመሳስለው ዓይን ሊያታልሉ ይችላሉ፤ ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወርድ አውቶቡስ ውስጥ ግን ሰውነት ልዩነታቸውን ወዲያው ይለየዋል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለውን የጣርማ በር ዋሻ ሲያቋርጥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ከዋሻው ማዶ ደጋው በአንድ ጊዜ ይቆረጣል። መንገዱ ተራራውን እየታከከ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየታጠፈ በደብረ ሲና በኩል ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1280 ሜትር ዝቅ ብሏል። ጋቢ ደርቦ ዋሻውን ያለፈ መንገደኛ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ማሽላ፣ ማሾና ማንጎ ከሚበቅልበት ሜዳ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ አስቀምጦታል።

በዚህ ቁልቁለት ላይ ልምድ ያለው ሾፌር መሪውን በአንድ ጊዜ አይጠመዝዝም። ወደ ኩርባው ሲገባ ቀስ በቀስ ያዞራል፣ መሃል ላይ ይዞ ይቆያል፣ ሲወጣም ቀስ በቀስ ይመልሳል። መንገዱ ከዚህ የእጅ እንቅስቃሴ ጋር ካልተስማማ፣ ማለትም ቀጥታው እንዳለቀ ክቡ ወዲያው ከጀመረ፣ ተሳፋሪው ወደ ጎን ይገፋል፤ ፖርቶመጋላ ላይ የታሰረው ዕቃ ይንገዳገዳል፤ ሾፌሩም መንገዱ ያልሰጠውን ሽግግር ራሱ ለመፍጠር ሲል ከመስመሩ ይወጣል። በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው፦ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 13.9 ሜትር የሚጓዝ መኪና ሬዲየሱ 80 ሜትር የሆነ ኩርባ ሲይዝ 2.4 ሜትር በካሬ ሰከንድ የሚሆን የጎን ፍጥንጥነት ያድርበታል። ቀጥታው ላይ ይህ ቁጥር ዜሮ ነበር። በመሃል መሸጋገሪያ ከሌለ ዜሮው በቅጽበት 2.4 ይሆናል፤ የ40 ሜትር መሸጋገሪያ ቢገባ ግን ለውጡ ሦስት ሰከንድ ያህል ጊዜ ያገኛል።

ነዳፊዎች ይህን የሚለኩት ጥምዝነት በሚባል መጠን ነው። በመስመሩ ላይ ያለች አንዲት ነጥብ ዘንድ መስመሩን ከሁሉ በተሻለ የሚገጥም ክብ ይፈለጋል፤ አንድ ሲካፈል ለዚያ ክብ ሬዲየስ ጥምዝነቱን ይሰጣል። ሬዲየሱ 80 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ ጥምዝነቱ 1/80 ነው፤ ቀጥታ ላይ ዜሮ ነው። ሁለት የመስመር ክፍሎች ጫፍ ለጫፍ ተነካክተው መሃላቸው ላይ ግን ማዕዘን ሊኖር ይችላል። ማዕዘኑ ቢጠፋና አቅጣጫቸው አንድ ቢሆን እንኳ ጥምዝነታቸው ሊለያይ ይችላል። በኮምፒውተር የሚነደፍ ነገር ሁሉ፣ መንገድም ይሁን የመኪና ኮፈን ወይም የአውሮፕላን ክንፍ፣ ጥራቱ የሚወሰነው ከእነዚህ ደረጃዎች እስከ የትኛው ድረስ በመጠበቁ ነው።

ከእንጨት ዘንግ ወደ ስሌት

ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት የመርከብና የአውሮፕላን ነዳፊዎች ስፕላይን የሚባል ቀጭንና ተጣጣፊ የእንጨት ዘንግ ነበራቸው። ዘንጉን ሰፊ የንድፍ ወለል ላይ ያሳርፉና በተመረጡ ነጥቦች ላይ በእርሳስ ክብደቶች ይይዙታል። ዘንጉ በነጥቦቹ መካከል ራሱን በራሱ ያስተካክላል፤ በተያዘባቸው ቦታዎች እያለፈ፣ ለመታጠፍ የሚያስፈልገውን ጉልበት በተቻለ መጠን ዝቅ የሚያደርገውን ቅርጽ ይይዛል። ከዚያ ዘንጉን ተከትሎ መስመሩ ይሰመራል። የዚህ ዘንግ ቅርጽ ወደ ሒሳብ ሲመለስ በተቀራራቢነት የሚገኘው ኩቢክ ስፕላይን ነው፤ ይህም በየሁለት ነጥቦች መካከል አንድ ሦስተኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያል ያለው፣ ፖሊኖሚያሎቹ በሚገናኙበት ነጥብ ደግሞ ቁመቱም፣ ተዳፋቱም፣ የተዳፋቱ ለውጥም እኩል የሆነ መስመር ነው።

መስመሩን በየክፍሉ መከፋፈል ለምን አስፈለገ? በነጥቦቹ ሁሉ የሚያልፍ አንድ ረጅም ፖሊኖሚያል ማግኘት ይቻላል፤ ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ጀርመናዊው ካርል ሩንገ እ.ኤ.አ. በ1901 እንዳሳየው፣ በእኩል ርቀት የተቀመጡ ነጥቦችን በአንድ ከፍተኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያል ለማገናኘት ሲሞከር መስመሩ ጫፎቹ አካባቢ እጅግ ሊዋዥቅ ይችላል። ሌላም ጣጣ አለው። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው መንገድ በአንድ ፖሊኖሚያል ቢጻፍ፣ ደብረ ሲና ላይ አንዲት ነጥብ በአንድ ሜትር ስትገፋ ሸዋ ሮቢት መግቢያ ላይ ያለው መስመርም ይንቀሳቀሳል። እንዲህ ባለ መሣሪያ መሥራት የሚችል ነዳፊ የለም።

የሒሳቡ መሠረት የተጣለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። ትውልደ ሮማኒያዊው አይዛክ ሾንበርግ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተማቸው ጽሑፎች ስፕላይንን የሒሳብ ርዕስ አደረገው። ወደ ፋብሪካ ያስገቡት ግን የፈረንሳይ መኪና ሠሪዎች ናቸው። ፖል ደ ካስቴልዦ በሲትሮኤን እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ፣ ፒየር ቤዚዬ ደግሞ በሬኖ በ1960ዎቹ፣ ሳይገናኙ ወደ አንድ ዓይነት ጥምዝ ደረሱ። ሲትሮኤን የደ ካስቴልዦን ሥራ ለዓመታት በምስጢር ስለያዘው ጥምዙ በቤዚዬ ስም ታወቀ፤ የስሌቱ ዘዴ ግን ዛሬ በደ ካስቴልዦ ስም ይጠራል። በአሜሪካ ጄምስ ፈርጉሰን በቦይንግ፣ ስቲቨን ኩንስ በኤም አይ ቲ ስለ ገጾች ሠሩ። ካርል ደ ቦርና ሞሪስ ኮክስ እ.ኤ.አ. በ1972 ቢ-ስፕላይን የሚባለውን ዓይነት በኮምፒውተር በአስተማማኝ ሁኔታ ለማስላት የሚያስችለውን ቀመር አወጡ፤ ሪቻርድ ሪዘንፌልድና ዊሊያም ጎርደን በሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ ወደ ንድፍ መሣሪያነት ለወጡት።

ቢ-ስፕላይን ከላይ ለተነሳው ጣጣ መልስ አለው። ነዳፊው የሚያንቀሳቅሰው መስመሩን ራሱን አይደለም፤ በመስመሩ ዙሪያ የተቀመጡ መቆጣጠሪያ ነጥቦችን ነው። በሦስተኛ ዲግሪ ቢ-ስፕላይን አንድ መቆጣጠሪያ ነጥብ የሚነካው አራት ተከታታይ ክፍሎችን ብቻ ነው። ነጥቦቹ በእኩል ክፍተት ሲሰሉ፣ በሁለት ክፍሎች መገናኛ ላይ ያለው ቦታ የሦስት መቆጣጠሪያ ነጥቦች አማካይ ይሆናል፤ የመካከለኛው ድርሻ አራት ስድስተኛ፣ የግራና የቀኙ ድርሻ አንድ አንድ ስድስተኛ ነው። ደብረ ሲና ላይ የተደረገ ማሻሻያ እዚያው ደብረ ሲና ይቀራል፤ ጥምዝነቱም አይሰበርም።

ቁልቁለቱ ሜዳውን ሲነካ

የመንገድ መሐንዲስ ፖል ደ ካስቴልዦን ባያውቀውም የእሱን ጥምዝ ለብዙ ዓመታት ሲጠቀምበት ኖሯል። መንገድ በጎን ሲታይ፣ ማለትም ዳገቱና ቁልቁለቱ ብቻ ሲሳል፣ ቀጥታ ተዳፋቶች በፓራቦላ ይገናኛሉ። ፓራቦላው ደግሞ ሦስት መቆጣጠሪያ ነጥብ ያለው ሁለተኛ ዲግሪ የቤዚዬ ጥምዝ ነው። ሁለቱ ተዳፋቶች ቢራዘሙ የሚገናኙባት ነጥብ የመካከለኛዋ መቆጣጠሪያ ነጥብ ናት።

ከተራራው ግርጌ ያለ ቦታ ለምሳሌነት ይወሰድ። መንገዱ በ7 በመቶ ቁልቁለት እየወረደ መጥቶ ሜዳው ላይ ወደ 1 በመቶ ቁልቁለት ይለወጣል። ሁለቱ ተዳፋቶች የሚገናኙት 1300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ለጥምዙ 120 ሜትር ርዝመት ተመድቧል። መነሻው ከመገናኛው 60 ሜትር ወደ ኋላ ስለሆነ ከፍታው 1304.2 ሜትር፣ መድረሻው 60 ሜትር ወደ ፊት ስለሆነ 1299.4 ሜትር ነው። የደ ካስቴልዦ ዘዴ የሚጠይቀው አጋማሽ መፈለግን ብቻ ነው። የመነሻውና የመገናኛው አጋማሽ 1302.1፤ የመገናኛውና የመድረሻው አጋማሽ 1299.7፤ የእነዚህ የሁለቱ አጋማሽ 1300.9። መንገዱ መሃል ላይ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው፣ ከመገናኛዋ ነጥብ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ። የመንገድ መማሪያ መጻሕፍት የተዳፋቶቹን ልዩነት በርዝመቱ አባዝተው ለስምንት በማካፈል የሚያገኙት መልስም ይኸው 0.9 ሜትር ነው። ከአጋማሽ ይልቅ ሲሶ ወይም ሩብ እየተወሰደ ቢደገም የጥምዙ ሌሎች ነጥቦች ሁሉ ይገኛሉ። ሒሳቡ ቀላል መሆኑ ትልቅ ጥቅም አለው፤ መደመርና ማካፈል የሚችል የሳይት ቀያሽ ኮምፒውተሩ ያወጣውን ቁጥር በማስታወሻ ደብተሩ ማረጋገጥ ይችላል።

ከላይ ሲታይ ነገሩ ይከብዳል። የመንገድ ኩርባ ዋና አካል ክብ ነው፤ ክብን ደግሞ ማንኛውም ተራ ፖሊኖሚያል በትክክል ሊወክለው አይችልም። ኬኔት ቨርስፕሪል እ.ኤ.አ. በ1975 በሲራክዩስ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ያብራራው፣ ኋላ ነርብስ ተብሎ የንድፍ ሶፍትዌሮች ሁሉ መግባቢያ የሆነው ዓይነት፣ ለየመቆጣጠሪያ ነጥቡ ክብደት በመስጠትና አንዱን ፖሊኖሚያል ለሌላው በማካፈል ችግሩን ይፈታል። ሩብ ክብ በሦስት ነጥብ ይጻፋል፤ የዳርቻዎቹ ክብደት 1፣ የመካከለኛዋ 0.707 ገደማ፣ ማለትም የሁለት ካሬ ሥር ግማሽ ነው። ውጤቱ እውነተኛ ክብ ነው።

በቀጥታውና በክቡ መካከል የሚገባው መሸጋገሪያ ግን ለነርብስም አይገዛም። ክሎቶይድ የሚባለው ይህ ጥምዝ፣ ሊዮናርድ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያጠናው፣ ጥምዝነቱ ከርዝመቱ ጋር እኩል እየጨመረ የሚሄድ ነው፤ በቋሚ ፍጥነት እየሄደ መሪውን በእኩል ፍጥነት የሚያዞር ሾፌር የሚሠራው መስመር ይህ ነው። ነጥቦቹ የሚገኙት በኢንቴግራል ስለሆነ በፖሊኖሚያልም ሆነ በፖሊኖሚያሎች ክፍልፋይ በትክክል አይጻፍም። የመንገድ ንድፍ ሶፍትዌሮች ክሎቶይድን በራሱ ቀመር ይይዙታል፤ ንድፉ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲሻገር ግን ብዙ ጊዜ ወደ ስፕላይን ይለወጣል፤ ያኔ የሚተላለፈው ተቀራራቢ መስመር ነው። የተፈቀደው የስህተት ወሰን በሚሊ ሜትር ተወስኖ ካልተጻፈ፣ በአንዱ ፕሮግራም ለስላሳ የነበረው ኩርባ በሌላው ውስጥ ጥቃቅን ሞገድ ሊያበቅል ይችላል።

በባቡር ሐዲድ ላይ የመሸጋገሪያው ጉዳይ የምቾት ብቻ መሆኑ ይቀራል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደውና የቱርኩ ያፒ መርኬዚ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 የግንባታ ውሉን የፈረመበት፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የባቡር መስመር የይፋትን ቆላ አቋርጦ ወደ ሰሜን ይወጣል። የሐዲዱ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው። ባቡር መሪ የለውም፤ ሽግግሩ ሐዲዱ ላይ ካልተሠራ የሚያስተካክለው ሰው አይኖርም፤ ግፊቱን ጎማውና ሐዲዱ ይከፍሉታል።

መስመሩ ገጽ ሲሆን

መስመር አንድ መለኪያ አለው፣ ገጽ ሁለት። ስፕላይን ወደ ገጽ የሚያድገው በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ጥምዞች በሌላ አቅጣጫ በሚሄዱ ጥምዞች ሲሸመኑ ነው፤ ልክ በሸማኔው ዕቃ ላይ ድርና ማግ እንደሚተላለፉት። የሦስተኛ ዲግሪ አንድ ቁራጭ ገጽ አራት በአራት፣ በድምሩ 16 መቆጣጠሪያ ነጥቦች አሉት። ቁራጮቹ ጎን ለጎን ሲገጠሙ ጥምዝነታቸውም እንዲገጥም ይደረጋል።

የመንገድ ገጽ ከዚህ የተለየ አፈጣጠር አለው። መካከለኛው መስመር ይወሰድና የመንገዱ የወርድ ቅርጽ፣ ከአስፋልቱ እስከ ትከሻውና የጎርፍ መውረጃው ድረስ፣ በዚያ መስመር ላይ እየተንሸራተተ ገጹን ይፈጥራል። ቅርጹ ግን እንዳለ አይንሸራተትም። ቀጥታ ላይ 7 ሜትር ስፋት ያለው አስፋልት ከመሃሉ ወደ ሁለቱም ጠርዝ 2.5 በመቶ ያዘነብላል ቢባል፣ ጠርዙ ከመሃሉ 8.75 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ኩርባ ላይ ግን መላው ወርድ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ይደረጋል፤ 8 በመቶ ቢሆን የውጭው ጠርዝ ከመሃሉ 28 ሴንቲ ሜትር ይነሳል። እንግዲህ የውጭው ጠርዝ በመሸጋገሪያው ርዝመት ውስጥ 36.75 ሴንቲ ሜትር መነሳት አለበት። ጠርዙ በቀጥታ መስመር ከተነሳ መጀመሪያውና መጨረሻው ላይ ስብራት ይኖራል፤ እዚያ ላይም አጭር ጥምዝ ይገባል።

በዚህ ሽግግር ውስጥ የውጭው ግማሽ ከአንዱ ዝንባሌ ወደ ሌላው ሲያልፍ ዜሮ የሚሆንበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ዝናብ ወደ ጎን አይፈስስም። ከጣርማ በር በታች ባለው ቁልቁለት መንገዱ ራሱ ስለሚወርድ ውሃው ቁልቁል ይሄዳል፤ ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃና ወደ አጣዬ በሚዘረጋው ሜዳ ግን ርዝመቱም ወርዱም አንድ ላይ ለጥ ያሉበት ቦታ ሊፈጠር ይችላል፤ ውሃው አስፋልቱ ላይ ይተኛል። ከቁልቁለቱ ይልቅ ሜዳው በዚህ ረገድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መፍትሔው ሽግግሩን ተዳፋቱ ዜሮ ከሚሆንበት ስፍራ ማራቅ ነው፤ ይህም በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ ውሃ የሚሄድበትን አቅጣጫ በቀስት አስወጥቶ በማየት ይገኛል።

በመንገዱ ላይ የሚሄዱት መኪኖች አካልም የዚሁ ሒሳብ ውጤት ነው። ጠፍጣፋ ላሜራ ሳይለጠጥ መታጠፍ የሚችለው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1827 ያቀረበው ቲዎረም ምክንያቱን ይሰጣል። በሁለት አቅጣጫ የጎበጠ ገጽ መዶሻ ወይም ማተሚያ ፕሬስ ይጠይቃል። አገር ውስጥ አካላቸው የሚገጠምላቸው ቅጥቅጥ አውቶቡሶች ጎናቸው ለጥ ያለ፣ ጣሪያቸውም በአንድ በኩል ብቻ የተጠማዘዘ መሆኑ ከዚህ ጋር ይያያዛል። በትላልቅ ፋብሪካዎች ኮፈን የሚነድፍ ባለሙያ ደግሞ በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ ጥቁርና ነጭ ሽንትሮች እንዲንጸባረቁ ያደርጋል፤ ሽንትሩ በመገጣጠሚያው ላይ ከተሰበረ ጥምዝነቱ አልገጠመም ማለት ነው።

መለስለስ የማይገባው መሬት

ከሁሉም ነገር በላይ መንገድ የሚያርፍበት መሬት አለ። ስፕላይንን የሚያውቅ ነዳፊ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለስላሳ ገጽ ለሰው ሥራ ተገቢ ነው፤ ለይፋት መሬት ግን ሁልጊዜ አይስማማም። ይህ ቆላ የአፋር ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ግርጌ ነው፤ ምድሩ በስንጥቅ የተሰባበረ፣ ሜዳው ከደጋው በወረደ ደለል የተሞላ ነው። የሮቢ፣ የቆቦና የጀውሃ ወንዞች ክረምት ሲገባ በድንገት ሞልተው ይወርዳሉ፤ ደለሉን ሰርስረው ቀጥ ያለ አፋፍ ያበጃሉ።

ቀያሽ ቶታል ስቴሽን በሚባለው የቅየሳ መሣሪያ የወንዝ ዳር አራት ነጥቦች በየ5 ሜትሩ ለካ እንበል፦ 1280፣ 1280፣ 1276፣ 1276። መሬቱ ለጥ ያለ ነው፣ ድንገት 4 ሜትር ይቆረጣል፣ ከዚያ እንደገና ለጥ ይላል። በነጥቦቹ የሚያልፍ የተለመደ የኩቢክ ጥምዝ፣ ካትሙል-ሮም የሚባለው ዓይነት፣ ቢሳል አፋፉ ላይ ያለው አቅጣጫ የሁለት ጎረቤቶቹ አማካይ እንዲሆን ይገደዳል። ስለዚህ ጥምዙ ለመውረድ ሲዘጋጅ መጀመሪያ ከፍ ይላል፤ ከመጀመሪያው ነጥብ 3.3 ሜትር ያህል ርቀት ላይ 1280.3 ይደርሳል። አፋፉ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የሌለ ጉብታ፣ ከግርጌው ደግሞ ያንኑ የሚያህል የሌለ ጉድጓድ ተፈጠረ ማለት ነው። የጎርፍ ስሌት በዚህ ገጽ ላይ ቢሠራ ጉብታው እንደ ግድብ ውሃውን ያቆመዋል፤ ሸዋ ሮቢትን የሚያሰጋው ጎርፍ በወረቀት ላይ ወንዙ ውስጥ ተወስኖ ይቀራል። የቆረጣና ሙሌት መጠኑም ይዛባል፤ ስህተቱ በኪሎ ሜትሮች ሲባዛ በገንዘብ ይታያል።

በዚህ ምክንያት የመሬት ገጽ በአብዛኛው በሦስት ማዕዘኖች መረብ ይሠራል። እያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ጠፍጣፋ ነው፤ ከተለካው ከፍታ በላይ የሚወጣ፣ በታችም የሚወርድ ነገር አይፈጥርም። ቀያሹ የአፋፉን ጫፍና የገደሉን ግርጌ ተከትሎ መስመር ይለካል፤ እነዚህ የስብራት መስመሮች ሲገቡ ማንኛውም ሦስት ማዕዘን እነሱን አቋርጦ እንዳይሠራ ይከለከላል። ለስላሳው ስፕላይን ቦታ የሚያገኘው ነጥቦች ተራርቀው በተለኩበትና መሬቱ በእውነት ዝግ ብሎ በሚለወጥበት፣ ለምሳሌ በሰፊው የማሽላና የሽንኩርት እርሻ ሜዳ ላይ ነው። ዣን ዱሾን በ1970ዎቹ የሒሳብ መሠረቱን ያዘጋጀለት ቀጭን ሳህን ስፕላይን የሚባለው ዓይነት፣ የእንጨቱን ዘንግ ሥራ በሁለት አቅጣጫ የሚሠራ ስለሆነ፣ ለዚህ ይመረጣል።

ከጠፈር የተገኘ የከፍታ መረጃም ወሰን አለው። በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. በጠፈር መንኮራኩር የተሰበሰበውና በነፃ የሚገኘው የኤስ አር ቲ ኤም መረጃ በ30 ሜትር ገደማ ርቀት አንድ ከፍታ ይሰጣል። ስፋቱ 10 ሜትር የሆነ ፈፋ በሁለት ቁጥሮች መካከል ይጠፋል፤ በላዩ ላይ የቱንም ያህል ያማረ ስፕላይን ቢዘረጋ የጠፋው ፈፋ አይመለስም። መሬቱ ራሱም ባለበት አይቆይም። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በደብረ ሲና አካባቢ ይዛባ ወይን በሚባለው ስፍራ የደረሰው የመሬት መንሸራተት እርሻና ቤት አፍርሷል፤ እንዲህ ባለ ተዳፋት ላይ የቆየ ልኬትን ዛሬ ለሚነደፍ መንገድ መጠቀም የሌለ ተራራ ላይ መንደፍ ነው።

ንድፉ ካለቀ በኋላ ገጹ እንደገና ነጥብ ይሆናል። ቀያሹ ከኮምፒውተሩ ያወጣቸውን ቁጥሮች ይዞ ካስማ ይተክላል፤ ሠራተኞች በካስማዎቹ መካከል ሲባጎ ይወጥራሉ። ሲባጎ ቀጥ ያለ ስለሆነ ከጥምዙ ይርቃል፤ ርቀቱ የሚገኘው በካስማዎቹ መካከል ያለው ርዝመት በራሱ ተባዝቶ ለሬዲየሱ ስምንት እጥፍ ሲካፈል ነው። ሬዲየሱ 80 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ ካስማዎቹ በየ20 ሜትሩ ቢተከሉ ሲባጎው መሃል ላይ ከታሰበው መስመር ወደ 63 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ በየ10 ሜትሩ ቢተከሉ ወደ 16፣ በየ5 ሜትሩ ቢተከሉ ደግሞ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ቀጥታ ላይ የሚበቃው የካስማ ርቀት በሹል ኩርባ ላይ በግማሽና በሩብ ይቀንሳል፤ መሸጋገሪያው ላይም ጥምዝነቱ እየጨመረ ሲሄድ ካስማዎቹ እየተቀራረቡ ይተከላሉ።